የጭነት መኪና ጌጅ ውስጥ ጤዛ ሲይዝ፦ ምንጩን መፈለግ፣ ማድረቅና መልሶ መግጠም

ክረምት በገባ ቁጥር ስለ ጌጅ (ነዳጅ፣ ሙቀትና የአየር ግፊት ስለሚያሳየው ባለ ቀስት መሣሪያ) ከአሽከርካሪዎች የሚመጣልኝ ጥያቄ አይለወጥም፦ «ጠዋት ሞተር ሳስነሣ የጌጁ መስታወት በውስጥ በኩል ጤዛ ይዞ አይነበብም። ፈትቼ ልጥረገው? ወይስ በሲሊኮን ልድፈነው?» የጅቡቲ መስመር ሰዎች ደግሞ ይህንኑ በበጋም ይጠይቁኛል። ለሁሉም በየተራ ከመመለስ ሥራውን በቅደም ተከተሉ እዚህ አስቀምጬዋለሁ። አይሱዙ ይሁን ሲኖትራክ፣ አይቬኮ ይሁን አሮጌ መርሴዲስ፣ የብሎኑ ቦታ ይለያያል እንጂ የውኃው ጠባይ አንድ ነው።

የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ ግን አሁኑኑ ልስጥ፦ አይድፈኑት። ምክንያቱን ቀጥሎ ያገኙታል።

ጤዛው ለምን ይይዛል?

ሞቃት አየር ብዙ የውኃ እንፋሎት ይሸከማል፤ ሲቀዘቅዝ አቅሙ ያንሳል። 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 30 ግራም ገደማ እንፋሎት ይይዛል፤ 10 ዲግሪ ላይ ግን ከ9 ግራም ብዙም አያልፍም። የተረፈው በመጀመሪያ ያገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ያርፋል። ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው የጌጆች ሰሌዳ) ላይ ቀድሞ የሚቀዘቅዘው ስሱ የጌጅ መስታወት ነው። መስታወት እንላለን እንጂ በአብዛኞቹ መኪኖች ፕላስቲክ ነው፤ ጽዳቱ ላይ ስንደርስ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው።

ሌላው ምክንያት ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከጅቡቲ ወደብ በሩብ ያህል ያንሳል። መኪናው ቁልቁል በወረደ መጠን የውጭው ግፊት ይጨምራል፤ ጌጁም በመተንፈሻ ቀዳዳው አየር ወደ ውስጥ ይስባል። የሚስበው እርጥበት የጠገበውን የባሕር ጠረፍ አየር ነው። ጭኖ ሲመለስ፣ በተለይ በኮምቦልቻ አድርጎ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን ጣርማበርን በሌሊት የሚወጣ ከሆነ፣ ያ አየር ይቀዘቅዝና መስታወቱ ላይ ላብ ይሆናል። ቀዳዳው ክፍት ከሆነ እርጥበቱ በገባበት ይወጣል። ቀዳዳው ከተደፈነ ግን ግፊቱ በሽቦ መግቢያውና በመገጣጠሚያው ስንጥቅ አየሩን ማስገባቱን አይተውም፤ የሚዘጋው መውጫው ነው። በሲሊኮን የታሸገ ጌጅ ከወር በኋላ ከበፊቱ ብሶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የመስቀልና የጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ 8 እና 10 ቁጥር ቁልፍ፤ ለአውሮፓ መኪኖች የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ቁልፎች
- የፕላስቲክ ማንሻ (ብረት ካቻቪቴ የክሩስኮቱን ጠርዝ ይሰብራል)
- ባትሪ መብራትና ፎቶ የሚያነሣ ስልክ
- ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)
- ክዳኑ በደንብ የሚገጥም፣ ጌጁን የሚይዝ የፕላስቲክ ሳጥን ወይም ባልዲ
- ከ200 እስከ 300 ግራም ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚጠጣ ፍሬ)። ከጫማ ካርቶን የሚገኘው ትንሽ ከረጢት አይበቃም፤ ብዙውን ጊዜም ቀድሞ እርጥበት ጠጥቷል
- ለስላሳ የማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የተጣራ የባትሪ ውኃ (አሲድ የሌለበት መሆኑን ያረጋግጡ)
- የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ
- የፊት መስታወት ማሸጊያ፤ ሲሊኮን ከሆነ ኮምጣጤ የማይሸት ዓይነት
- ለጎማ የሚሆን ታኮ (መኪናው እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚደረግ ድጋፍ)

የኮምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮን ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል። ሽቦና የመዳብ መገናኛ አጠገብ ከተቀባ ብረቱን ይበላል። ሲገዙ ቱቦውን ቢያሸቱት ሻጩ አይቀየምዎትም።

ማስጠንቀቂያ

የአየር ፍሬን ባለው መኪና የአየር ጌጁ የማይነበብ ወይም የሚዋሽ ከሆነ መኪናውን አያንቀሳቅሱ። የሙቀት ጌጁም እንዲሁ ነው፤ ረጅም ዳገት ላይ ውሸታም የሙቀት ጌጅ ሞተር ያቃጥላል። ታኮግራፍ (ፍጥነትና የጉዞ ሰዓት የሚመዘግብ መሣሪያ) ወይም የፍጥነት መገደቢያ የተገጠመለት መኪና ከሆነ የመሣሪያውን ማሸጊያ አይንኩ፤ እሱን የሚከፍተው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። መሪው ውስጥ ኤርባግ ካለ መሪውን ለመንቀል አይሞክሩ።

ደረጃ 1፦ ጤዛ ነው ወይስ ውኃ?

ጠዋት ጠርዝ ላይ ስስ ጉም ታይቶ የማሞቂያው አየር በነፈሰበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከጠፋ ጌጁ ደኅና ነው፤ እየተነፈሰ ነው። አይክፈቱት። ጤነኛ ጌጅ መክፈት አቧራ ከማስገባትና መያዣዎቹን ከመስበር በቀር ትርፍ የለውም።

ነጠብጣብ ከሠራ፣ ታች ውኃ ካቆረ፣ የቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ቡናማ ወይም ነጭ ምልክት ከታየ፣ ቀስቱ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከቆመ፣ የማስጠንቀቂያ መብራቶች ያለ ምክንያት ከበሩ፣ ወይም ጉሙ ቀኑን ሙሉ ካልለቀቀ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ደረጃ 2፦ መንገድ ላይ ከሆኑ

ማሞቂያውን ወደ ፊት መስታወት አቅጣጫ ያዙሩ፤ የውጭ አየር የሚያስገባውን ቦታ ይምረጡ፤ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ይክፈቱ። ኤርኮንዲሽነር ካለ ከማሞቂያው ጋር አብረው ያብሩት፤ አየሩን በማቀዝቀዝ ውኃውን አውጥቶ በቱቦ ወደ ውጭ ይጥለዋል። የካቢናውን አየር መልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ ግን ያጥፉ፤ የራስዎን ትንፋሽ መልሶ ያመጣብዎታል።

ይህ ጊዜ መግዣ ነው። ካቢና ውስጥ ሁለት ሰው ካደረ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ ከተሰቀለ፣ ጠዋት ደግሞ በትንሿ ምድጃ ሻይ ከተፈላ የሚወጣው እንፋሎት ቀላል አይደለም። ሻዩን ከመኪናው ውጭ ያፍሉት። የተዘጋ ካቢና ውስጥ እሳት ማንደድ ከጤዛም የከፋ ጉዳት አለው፤ ጭሱ ይገድላል።

ደረጃ 3፦ የውኃውን ምንጭ ይፈልጉ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ስለዚህም ብዙ ሰው ያንኑ ጌጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ያደርቃል። ምንጩ ሳይገኝ ጌጁን መፍታት የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ወለል እንደመወልወል ነው።

መጀመሪያ ያሽትቱና ይዳስሱ። ከክሩስኮቱ ሥር ያለው እርጥበት ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ በጣት ሲነካ የሚያሟልጭ ከሆነ፣ የፊት መስታወቱም በውስጥ በኩል ቅባት የመሰለ ጉም ከያዘ ዝናብ አይደለም፤ የማሞቂያው ትንሿ ራዲያተር እያፈሰሰች ነው። የራዲያተሩን ውኃ መጠን ለጥቂት ቀናት ይከታተሉ፤ ያለ ምክንያት ከጎደለ ጥርጣሬው ተረጋገጠ። በፍጹም አይቅመሱት፤ የራዲያተር ፈሳሽ መርዝ ነው።

ሽታ ከሌለው የፊት መስታወቱን ጎማ ይመርምሩ። ፀሐይ ያደረቀው ጎማ ጥግ ጥጉ ላይ ይሰነጠቃል፤ በድንጋይ ተሰብሮ የተቀየረ መስታወት ከሆነ ማሸጊያው በደንብ ያልተቀባበት ቦታ ሊኖር ይችላል። ፈተናው ቀላል ነው። ከክሩስኮቱ ሥርና ከመስታወቱ ግርጌ ደረቅ ጋዜጣ ያንጥፉ። አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ በባትሪ መብራት ይመልከት፤ ሌላው ከውጭ በቀስታ በሚፈስ ጎማ ውኃ ያፍስስ። ከታች ይጀምሩ፤ አንድ ቦታ ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆዩ፤ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይውጡ። ከላይ ከጀመሩ ውኃው ሁሉን ቦታ ስለሚያረጥብ በየት እንደገባ አይለይም። ጋዜጣው መጀመሪያ የረጠበበት ቦታ መንገዱን ያሳያል፤ ቀዳዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ከፍ ብሎ ወይም ወደ ጎን ራቅ ብሎ ነው፤ ውኃ ሽቦ ተከትሎ ይጓዛልና።

ከዚያ የአየር ማስገቢያውን ያጽዱ። በዝናብ መጥረጊያው ሥር ወይም ከካቢናው የፊት ክዳን ጀርባ ያለው ቦታ ቅጠልና ጭቃ ይሰበስባል፤ የውኃ ማውረጃው ሲዘጋ ዝናቡ ከማሞቂያው አየር ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። የባሕር ዛፍ ሥር የሚቆም መኪና ላይ ይህን ደጋግሜ አያለሁ። የኤርኮንዲሽነሩን የውኃ ማፍሰሻ ቱቦም ይመልከቱ፦ በሙቀት ቀን ኤርኮንዲሽነር በርቶ ከመኪናው ሥር ውኃ የማይንጠባጠብ ከሆነ ቱቦው ተደፍኗል፤ ውኃውም ሳጥኑ ውስጥ ይጠራቀማል። ካቢናውን ለጥገና ወደ ፊት ካዘነበሉ በኋላ ጤዛ የሚታይበት መኪናም በአብዛኛው ይህ የተጠራቀመ ውኃ አለበት።

አሮጌ መኪኖች ላይ የአየር ጌጁ ራሱ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ከአየር ታንኩ የሚነሣ ቀጭን ቱቦ በቀጥታ ጌጁ ጀርባ ላይ ይገባል፤ መገጣጠሚያው ካፈሰሰ ውኃና ዘይት የተቀላቀለበት አየር ክሩስኮቱ ውስጥ ይረጫል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ታንኩ ሞልቶ ሳለ ጆሮዎን አስጠግተው ያዳምጡ፤ የሳሙና ውኃ በብሩሽ ቀብተው አረፋ ካለ ይዩ። ታንኩን ሲያፈስሱ ብዙ ውኃ ከወጣ የአየር ማድረቂያው ማጣሪያ መቀየር አለበት።

ላቫጆንም አይርሱ። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውኃ ካቢና ውስጥ መግባት የለበትም፤ ክሩስኮቱም የሚጸዳው በተጨመቀ ጨርቅ ነው።

ደረጃ 4፦ ምንጩን ይዝጉና ይፈትኑ

ጎማውን ይቀይሩ ወይም ያሽጉ፣ ማውረጃውን ያጽዱ፣ የአየር መገጣጠሚያውን ያጥብቁ። ከዚያ የውኃ ፈተናውን ይድገሙት። ማሸጊያ የሚደርቅበት ሰዓት ቱቦው ላይ ተጽፏል፤ ያክብሩት። ጋዜጣው ደርቆ ካልቀረ ወደ ጌጁ አይሂዱ።

ደረጃ 5፦ ኤሌክትሪኩንና አየሩን ያቋርጡ

መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ጎማው ፊትና ኋላ ታኮ ያድርጉ። ቁልፉን አጥፍተው ያውጡ፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ አዳዲስ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሮቹ ወዲያው አይተኙም። ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ መጀመሪያ ይፍቱ። አብዛኞቹ ከባድ መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባትሪ ስላላቸው ከሻንሲው ጋር የተያያዘውን ኔጋቲቭ ይለዩ። ኔጋቲቩ ቀድሞ ከተፈታ ቁልፍዎ ብረት ቢነካ ብልጭታ አይኖርም።

የአየር ቱቦ በቀጥታ የሚገባበት ጌጅ ካለ ታንኮቹን ሙሉ በሙሉ ያፍስሱ። ግፊት ያለበት ቱቦ ሲፈታ ዓይን ያጠፋል።

ደረጃ 6፦ ጌጁን ያውጡ

ከመንካትዎ በፊት ፎቶ ያንሡ፤ በየደረጃውም ይድገሙ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል በወጡበት ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ይሰኩአቸው። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ከኋላ ያለውን ሰሌዳ ይበሳል።

የዙሪያውን ክፈፍ በፕላስቲክ ማንሻ ያላቅቁ፣ ጌጁን ወደ ራስዎ ጥቂት ይሳቡ፣ እጅዎን ወደ ኋላ አስገብተው የሶኬቱን መያዣ ጫን ብለው ይንቀሉ። ሽቦውን ይዘው አይሳቡ። ብርድ ያጠነከረው ፕላስቲክ በቀላሉ ስለሚሰበር ካቢናው ሞቅ ያለበትን ሰዓት ይምረጡ። ጌጁ በወጣበት ጊዜ ባትሪ አያስሩ፣ ቁልፍም አይክፈቱ፤ በአዳዲስ መኪኖች የስህተት ኮድ ይመዘገባል።

ደረጃ 7፦ ያድርቁ

መስታወቱ በፕላስቲክ መያዣ ወይም በብሎን የተያዘ ከሆነ ሊነሣ ይችላል። ጠርዙ በተጠቀለለ ብረት ቀለበት የታሰረ አሮጌ ክብ ጌጅ ከሆነ አይክፈቱት፤ ቀለበቱ አንዴ ከተጣመመ እንደ ነበረ አይመለስም። እሱ ሳይከፈት፣ በመተንፈሻው በኩል ይደርቃል፤ ቀኑ ብቻ ይረዝማል።

መስታወቱ ሲነሣ ቀስቶቹን አይንኩ። ቀስት በጣት ከተገፋ ወይም ከተነቀለ የሚያሳየው ቁጥር ይዛባል፤ ማስተካከያውም ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል። የቆመ ውኃ ካለ በጨርቅ ጫፍ ያስመጡ፤ አይፈትጉ፣ የቁጥሩ ኅትመት ይላጣል።

ከዚያ ጌጁን ከሲሊካ ጄሉ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡና ይክደኑ። ፍሬዎቹ ጌጁ ውስጥ እንዳይገቡ በስስ ጨርቅ ይቋጥሯቸው። የተከፈተ ጌጅ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን፣ ያልተከፈተ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይበቃዋል። ሲሊካ ጄሉ ብርቱካናማ ከሆነ ሲጠግብ ወደ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከሆነ ወደ ሮዝ ይለወጣል። ሰማያዊው ኮባልት ስላለበት በባዶ እጅ ባይነኩት ይሻላል። የጠገበውን ፍሬ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ምድጃ ለሁለት ሰዓት ያህል አድርቀው መልሰው ይጠቀሙበታል፤ ምግብ የሚበስልበትን ዕቃ ግን አይጠቀሙ።

የሚቸኩሉ ከሆነ የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛው ሙቀት፣ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር አርቀው መጠቀም ይቻላል። እጅዎን አየሩ ላይ አድርገው ካቃጠለዎት ለጌጁም ይበዛበታል።

ደረጃ 8፦ ሶኬቱንና መስታወቱን ያጽዱ

የሶኬቱ እግሮች ላይ አረንጓዴ ዱቄት ካለ መዳቡ እየተበላ ነው። መገናኛ ማጽጃውን ረጭተው በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይተዉት። ይህ ደረጃ ከታለፈ ጌጁ ደርቆም ቀስቱ መዝለሉን ይቀጥላል፤ የተበላ መገናኛ የኤሌክትሪኩን ፍሰት ስለሚያሰናክል የሙቀትና የነዳጅ ጌጆች የተሳሳተ ያነባሉ። የጌጁን የመሬት ሽቦም በቴስተር ይለኩ፤ በሽቦውና በሻንሲው መካከል ያለው ከአንድ ኦም በታች መሆን አለበት።

መስታወቱን በባትሪ ውኃ በረጠበ ማይክሮፋይበር ብቻ ይጥረጉ። አልኮል፣ ቤንዚንና የመስኮት ማጽጃ ፕላስቲኩን በስስ ስንጥቆች ያጨልሙታል፤ ጉዳቱ አይመለስም።

ደረጃ 9፦ መተንፈሻውን ይክፈቱ

ከጌጁ ጀርባ ወይም ሥር ትንሽ ቀዳዳ፣ አንዳንዴም በስስ ነጭ ሽፋን የተሸፈነ ክብ ነገር ያገኛሉ። አቧራውን በብሩሽ ያንሡ። ሽፋኑን በመርፌ አይብሱት፤ ሥራው አየር አሳልፎ የውኃ ጠብታ መከልከል ነው። ቀደም ሲል የጠገነ ሰው በሲሊኮን ደፍኖት ከሆነ ሲሊኮኑን በፕላስቲክ ማንሻ ቀስ ብለው ያንሡት። የመስታወቱ ጎማ ግን ሙሉ መሆን አለበት፤ አየር መግባት ያለበት በተዘጋጀለት በር ብቻ ነው።

ደረጃ 10፦ መልሰው ይግጠሙና ይፈትኑ

ሲገጥሙ ኔጋቲቩን መጨረሻ ያስሩ። ሶኬቱ ጠቅ እስኪል ይግፉ። ቁልፍ ሲከፈት የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ በርተው መጥፋት ያለባቸው መጥፋታቸውን፣ ቀስቶቹም ከዜሮ መነሣታቸውን ይመልከቱ።

የአየር ፍሬኑን ፈተና አይዝለሉ። ታኮው እንዳለ ሆኖ ሞተር አስነሥተው ታንኩን ይሙሉ፤ ያጥፉና ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ፤ ፍሬኑን ደጋግመው ይርገጡ። ቀስቱ በእኩል መውረድ አለበት፤ ድምፅና ቀይ መብራት ደግሞ በብዙ መኪኖች ከ4 እስከ 5.5 ባር ባለው ክልል ውስጥ ይመጣሉ። የመኪናዎን ትክክለኛ ቁጥር ከመመሪያ መጽሐፉ ይውሰዱ። ድምፁ ካልመጣ መኪናው ከዚያ ቦታ አይነሣ።

አዘውትረው የሚሠሩ ስህተቶች

ከፍሬን ታንክ በሚመጣ አየር ጌጁን መንፋት አንዱ ነው። ረዳቶች የካቢናውን አቧራ በዚህ ማራገፍ ስለለመዱ ለጌጁም ያውሉታል። ግፊቱ ቀስት ይሰብራል፤ አየሩ ራሱም ዘይትና ውኃ አለበት።

ጌጁን ሩዝ ውስጥ መቅበርም አይጠቅምም። ሩዝ ከአየር እርጥበት የመሳብ አቅሙ ደካማ ነው፤ ዱቄቱ ደግሞ በጌጁ ውስጥ ባሉት የማርሽ ጥርሶች መካከል ይገባል።

«ይተንፍስ» ብሎ መስታወቱን በመሰርሰሪያ መብሳት አቧራ መጋበዝ ነው። ጌጁን ኮፈኑ ላይ ለቀትር ፀሐይ ማስጣትም መስታወቱን ያጣምማል፤ ኅትመቱንም ያደበዝዛል።

ከሌላ መኪና ያገለገለ ጌጅ ገዝቶ መቀየር አቋራጭ ይመስላል። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ግን የተጓዘው ኪሎ ሜትር የሚመዘገበው ጌጁ ውስጥ ነው፤ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ካልተናበበም የስህተት መብራት አይጠፋም። ከመግዛትዎ በፊት ኮምፒውተር የሚያነብ የአውቶ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ያማክሩ።

ከገጠሙ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ጤዛው ከተመለሰ ጌጁን እንደገና አይፍቱ። ወደ ደረጃ 3 ተመልሰው ጋዜጣውን ያንጥፉ፤ በዚህ ጊዜ ከጌጁ በላይ በቀጥታ ያለውን የመስታወት ጥግና የጣሪያውን የመብራት ሽቦ መግቢያ ይጨምሩ።